ቁልፉ በማን እጅ ነበር? የነዳያን ቤት ታሪክ በጣና ዳር እንዴት እንደሚሰበሰብ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የድሆችን መጠለያ ታሪክ ልጻፍ ብሎ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ የተመሠረተበትን ቀን፣ የመሥራቹን ስምና በር ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ይፈልጋል። ሲያጣ «እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ብሎ ይዘጋዋል። ነበረ እንጂ! ራሱን የቻለ ስም አልነበረውም እንጂ ቤቱስ ነበረ። ደሃው የሚያድረው በመቃብር ቤት፣ በእማሆይ ጎጆ፣ በሰንበቴ ቤት ጥግ፣ ኋላም በቀበሌ ቤት ነው። የሚበላው ከተዝካር፣ ከዝክርና ከሰንበቴ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስታዩት የአካባቢው የነዳያን ቤት ማለት እሱ ነው።

ከአብያተ ክርስቲያናት ግቢ መዝገብና ትዝታ ስንሰበስብ የጠቀመን ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው «ቁልፉ በማን እጅ ነበር?»፣ ሁለተኛው «እንጀራው ከየት ይመጣ ነበር?» ቁልፍ የያዘው ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለውን ይወስናል፤ እንጀራ የሚያመጣው ደግሞ ቤቱ ስንት ሰው እንደሚይዝና እስከ መቼ እንደሚቆይ ይወስናል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሌላው ሁሉ፣ ቀኑም፣ የመሥራቹም ስም፣ የቤቱም ስፋት፣ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት መቃብር ቤቶችን ተመልከቱ። አቅም ያለው ቤተሰብ ዘመዱ ሲሞት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በመቃብሩ ላይ ትንሽ ቤት ይሠራል። ቤቱ ባዶውን አይቀመጥም፤ ጧሪ ያጡ አሮጊት፣ ዓይነ ስውር፣ ወይም ከሩቅ የመጣ የቆሎ ተማሪ ይገባበታል። ነዋሪው ኪራይ አይከፍልም። ቤቱን ይጠርጋል፣ በመታሰቢያው ቀን ጧፍ ያበራል፣ የሟቹን ስም እያነሣ ይጸልያል። ቤተሰቡ በበኩሉ ጣራውን ያድሳል፣ በዓመት አንድ ሁለቴ እህል ይሰፍራል። ይህ ሁሉ በቃል የሚኖር ውል ነውና ወረቀት ብትፈልጉ አታገኙም። ቤተሰቡ አገር ሲቀይር ወይም ወራሽ ሲያጣ ቁልፉ ወደ ቄሰ ገበዙ፣ ማለትም የደብሩን ንብረት ወደሚጠብቀው ካህን፣ ወይም ደብሩን ወደሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ ይዞራል፤ ቤቱ በእውነት የነዳያን የሚሆነውም ያኔ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን ለይታችሁ ጻፉ፤ የተሠራበትንና ቁልፉ የተሻገረበትን። በመካከላቸው 30 እና 40 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱን ያምታታ ጽሑፍ የቤቱን ዕድሜ ያዛባዋል።

ወደ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ መደቡን ቁጠሩ። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ የተሠራው መደብ መኝታ ነው፤ የመደቡ ብዛት ቤቱ ለስንት ሰው እንደታሰበ ይናገራል። አንዱ መደብ ከሌላው ዝቅ ብሎ ወይም በሌላ ዓይነት ጭቃ ተለስኖ ካገኛችሁት በኋላ የተጨመረ ነውና ሰው የበዛበትን ዘመን ጠይቁ። ቀና ብላችሁ ጣራውን እዩ። ማገሩና ጣራው ጥላሸት ከለበሰ እዚያው ውስጥ ይበሰል ነበር ማለት ነው። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ምግቡ ከውጭ፣ ምናልባትም ከሰንበቴ ቤት ወይም ከቤተሰቡ ይመጣ እንደነበር ጠቋሚ ነው። ጣራው ተቀይሮ ከሆነ ግን ንጽሕናው ምንም አይናገርም፤ የግድግዳውን የላይኛውን ጠርዝ መርምሩ፣ ጥላሸት እዚያ ይቀራል። ርዝመትና ስፋቱን በሜትር ለኩ፣ በሩ ወዴት እንደሚያይ፣ መቃብሩ በየትኛው በኩል እንዳለ በእጅ ንድፍ አስቀምጡ። ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ጠባብ ቤት በስልክ ካሜራ ሲነሣ ሰፊ መስሎ ይታያል።

ሁለተኛው ዓይነት የእማሆይ ጎጆ ነው፤ ጽሑፎች ከሚዘነጉት ነገር ሁሉ የሚቆጨንም እሱ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ቆብ ትደፋና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ትቀመጣለች። ንብረት ያላት ለልጆቿ ወይም ለደብሩ ትታ ቀለብ ይቆረጥላታል። ምንም የሌላትም ያው ቆብ ደፍታ ከጎኗ ትቀመጣለች፤ ባለ ንብረቷ ከቀለቧ ታካፍላታለች። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም መነኮሳይት ናቸው፤ በሥራው ግን ይህ የአረጋውያን ሴቶች መጦሪያ ነው። በጣና ላይ ይህን የሚያጠና ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ግን የሴቶች ገዳም ሆና የኖረች ናት። ስመ ጥሮቹን ደሴቶች ብቻ ዞሮ የተመለሰ ሰው የወንዶችን ታሪክ ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ የሴቶቹ ያለው በእንጦስና በየብሱ ላይ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ነው።

ዘጌ ደግሞ ለብቻው ይታያል። በባሕረ ገብ መሬቱ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ ነው፤ ኑሮው ቡና፣ ጌሾና እንጨት ነው። እህል ከውጭ ይገዛል፤ መኪና ሳይመጣ በፊት በደንገል ታንኳ ይገባ ነበር። ስለዚህ እህል በሚታረስበት በፎገራ ወይም በደምቢያ በኩል የሚጠየቀው «በመኸር ስንት ቁና ይሰጣችሁ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ዘጌ ላይ መልስ አያገኝም። እዚያ የሚጠየቀው ቡና ሲለቀም ማን ለማን ይለቅም እንደነበር፣ ለአቅመ ደካማ ምን እንደሚተውለት፣ ቡናው ሳይደርስ ባሉት የክረምት ወራት ደሃው ምን ይበላ እንደነበር ነው። የክረምቱን ጥያቄ በሁሉም ቦታ ጠይቁት። ማንኛውም የነዳያን ቤት የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጎተራ ይጎድላል፣ ሠርግና ድግስ የለም፣ ቤቱም ያፈሳል።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው «በምጽዋት ይኖሩ ነበር» ብሎ የሚያልፈው ትልቁ የሒሳብ መዝገብ እዚህ ላይ ነውና። የተዝካር ቀኖች የታወቁ ናቸው፤ 3ኛው፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው፣ 40ኛው፣ 80ኛው ቀን፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። ከእነዚህ 40ኛው ትልቁ ነው። ወርኃዊ ዝክር ደግሞ በማኅበር ይወጣል፤ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ሰንበቴ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሩና በደብሩ ስንት ማኅበር እንደነበረ አስሞሉት። በወር ስንት ቀን ትኩስ እንጀራ እንደሚገኝና ስንት ቀን በድርቆሽ እንደሚታለፍ ወዲያው ይታያችኋል። በአንድ ደብር 3 ማኅበርና ሰንበቴ ብቻ ከነበሩ 3 እና 4 እሑዶች ሲደመሩ 7 ቀን ገደማ ነው፤ የቀሩት 23 ቀኖች በምን እንዳለፉ ማንም ሳትጠይቁት አይነግራችሁም።

አሁን የማኅበር መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ መስመር ቢያጋጥማችሁ አስቡት፤ «የካቲት ፲፮፤ ለነዳያን፤ ጤፍ ፪ ጣኒካ፤ ጠላ ፩ ጋን።» ቀኑ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ነው። ጣኒካ ጋዝ ይመጣበት የነበረው ቆርቆሮ ነው፤ 18 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሁለቱ 36 ሊትር፣ በክብደት ወደ 30 ኪሎ ጤፍ ይሆናሉ። ከአንድ ኪሎ ዱቄት እንደ መጠኑ 3 ወይም 4 እንጀራ ይወጣል፤ በጠቅላላው ከ90 እስከ 120 እንጀራ። ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ብትሉ ከ60 እስከ 80 ሰው በልቷል። ይህ ቁጥር በግቢው ያድሩ የነበሩትን ብቻ አይደለም፤ ለዓመታዊ በዓል ከየገጠሩ የሚመጡ የኔ ቢጤዎችም አሉበት። ያው ማኅበር በተራ ወር በ16ኛው ቀን ያወጣውን አጠገቡ አስቀምጡት፤ ትንሹ ቁጥር ወደ ነዋሪዎቹ ይጠጋል። መስፈሪያው ቁና ከሆነ ግን ከአገር አገር ስለሚለያይ ሳታጣሩ ወደ ኪሎ አትለውጡት። በዚያው ሰፈር ያለ የቆየ ቁና ፈልጋችሁ እህል ሰፍራችሁ መዝኑት፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ብዙ ስሕተት ያድናል።

ወረቀት የሚገኝበት ቦታ ተበታትኗል፤ ምክንያቱ አስተዳደሩ ነው። ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ የሆነችው ከ1983 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን በጎጃም ሥር ነበረች፤ ዋና ከተማው ደብረ ማርቆስ። ከሐይቁ ማዶ ፎገራና ደምቢያ የበጌምድር ስለነበሩ ጉዳያቸው ወደ ጎንደር ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ሐይቅ ዳር ያሉ ሁለት ቤቶች ደብዳቤ በሁለት ከተማ ሊገኝ ይችላል፤ ባሕር ዳር ላይ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት ሥራውን በግማሽ መተው ነው። በአዲስ አበባ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። በደብሩ ውስጥ ደግሞ በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ፣ በተለይ በወንጌሉ ላይ፣ የመሬት ስጦታና ኑዛዜ ይጻፍ ነበር። ብራናውን ራሳችሁ አትግለጡ፤ ቄሰ ገበዙ ወይም የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ይግለጥላችሁ። ከጣና ደሴቶች መጻሕፍት የተወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1968 በጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። መጽሐፉን ከማስቸገር በፊት ያንን ማጠያየቅ ይሻላል።

ሰበካ ጉባኤ የሚባለው አሠራር በቃለ ዓዋዲ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ የአስተዳደር ደንብ፣ የተደነገገው በ1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የደብሩ ገቢና ወጪ በመዝገብ መያዝ አለበት፤ ለነዳያን የወጣ ገንዘብም በዚያው ይገኛል። ከዚያ በፊት ያለውን በደብር መዝገብ አትጠብቁ፤ በማኅበራት መዝገብ፣ በኑዛዜና በሰው አፍ ፈልጉ።

1967 በማንኛውም የነዳያን ቤት ታሪክ ውስጥ ትልቁ መታጠፊያ ነው። የካቲት 25 ቀን በአዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ደብሩን ይመግብ የነበረው የሰሞን መሬት ሄደ። ሐምሌ 19 ቀን በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ደብሩ የሚያከራየው ቤት ካለ እሱም ሄደ። በ5 ወር ልዩነት እንጀራው ከሁለት በኩል ተቆረጠ ማለት ነው። በዚያው አዋጅ ግን የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ፤ ኪራዩም ቀነሰ። በግቢ ውስጥ ያድሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ በጥቂት ብር የቀበሌ ቤት ያገኙት ከዚያ ወዲያ ነው። ስለዚህ «ደርግ የነዳያኑን ቤት ዘጋው» ወይም «ደርግ ለድሆች ቤት ሰጠ» የሚሉትን ሁለቱንም ስትሰሙ አትገረሙ፤ ተናጋሪው የቆመበት ቦታ ይለያያል እንጂ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ጥያቄያችሁን ወደ ቁልፉና ወደ እንጀራው መልሱት፤ «ከ67 በኋላ ቁልፉ በማን እጅ ሆነ? ቀለቡንስ ማን ቀጠለው?» ብዙ ቦታ መልሱ እድርና ሰንበቴ ነው። የእድር መዝገብ ላይ ዘመድ ለሌለው ሰው መግነዝና የመቃብር ቆፋሪ የተከፈለበት መስመር ፈልጉ። ደሃ በስሙ የሚመዘገበው አንዳንዴ በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ራሱን ችሎ የተመዘገበ መጦሪያ ከሆነ ወረቀቱ ቀላል ነው፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወይም ከዚያ በፊት በነበረው በ621/2001 የተመዘገበበትን ሰርተፊኬትና ዓመታዊ ሪፖርቱን ማየት ይበቃል።

ፈቃድ ላይ ብዙ ሥራ ይሰናከላል፤ ምክንያቱም አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስላለ ቤት «ማን ሠራው፣ መቼ፣ ለማን ተሰጠ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለደብሩ አስተዳደር የይዞታ ክርክር ይዞ የመጣ ይመስላል። ለነዋሪው ደግሞ ሊያስወጣው የመጣ ይመስላል። ሁለቱም ፍርሃት ምክንያት አለው፤ አትናቁት። በደብዳቤያችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ስለ ይዞታ እንደማትጠይቁና የቦታ ካርታ እንደማታነሡ ጻፉ፤ ደብዳቤውን ለሰበካ ጉባኤው ስጡ፤ ግልባጭ ለወረዳው ቤተ ክህነት። ከአስተዳዳሪው ጋር ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ ለነዋሪዎቹ እንደገና በቃል ንገሩ፤ ደብዳቤው ለእነሱ አልተነበበላቸውም። መቃብር ቤቱን የሠሩት ቤተሰቦችም ካሉ ነገሩ በሌላ ሰው በኩል እንዳይደርሳቸው ቀድማችሁ አነጋግሯቸው።

ቀን ለማስያዝ ሰዎች ዓመት አይነግሯችሁም፤ «በዘመነ ማርቆስ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ» ይሏችኋል። ይህ ከሚመስለው በላይ ጥሩ መረጃ ነው። ዓመቱን ለ4 ስታካፍሉ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው። ተናጋሪው «ገና በጠገራና በሽልንግ ስንገበያይ» ካለ አዲሱ ብር ከወጣበት ከ1937 በፊት ነው። በመካከሉ ያለው ብቸኛ ዘመነ ማርቆስ 1934 ነው። እንዲህ ሁለት ድንበርና አንድ ወንጌላዊ ካገኛችሁ ዓመቱ ይጠበባል። ሆኖም «ሽልንግ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስይዝም፤ ሰው 50 ሳንቲምን ሽልንግ እያለ ብዙ ዘመን ቆይቷል። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ከሆነ ፲፱፻፴፰ ማለት 1938 ነው፤ ጸሐፊው ፲፱፻ን ትቶ ፴፰ ብቻ ሊጽፍም ይችላል። ቁጥሩ 7 ሺህን ካለፈ ዓመተ ዓለም ነውና 5500 ቀንሱ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትለውጡ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ጨምሩ። ወሩን ካላወቃችሁ አትለውጡት፤ በእኛው አቆጣጠር ተዉት።

ግድግዳውም ይመሰክራል፤ በጥንቃቄ ከጠየቃችሁት። ቋሚው ጽድ ወይም ወይራ ከሆነ የቆየ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ ከዚያ አይቀድምም፤ ወደዚህ እስኪደርስና ለቋሚ እስኪበቃ ደግሞ ጊዜ ወስዷል። የቆርቆሮ ክዳን ከሣር ክዳን በኋላ ነው፤ ብሎኬት ከሁሉም በኋላ። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ጣራ ከግድግዳ ዕድሜው ያንሳል፤ በሣር ይከደን የነበረ ቤት ቆርቆሮ ቢለብስ አዲስ ቤት አይደለም፤ የክዳኑ ተዳፋት በጣም ቀጥ ያለ ከሆነ ለሣር የተሠራ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ጥሩ እንጨት አይጣልም፤ ከፈረሰ ቤት ተነቅሎ ሌላ ይሠራበታል። ሚስማር የሌለበት የቆየ የሚስማር ቀዳዳ፣ ወይም ማገር የሌለበት የማገር ጠባሳ ካያችሁ እንጨቱ ሁለተኛ ቤቱ ላይ ነው። በሐይቁ ዳር ግድግዳ የሚበላው ከታች ነው። እርጥበትና ምስጥ እግሩን ስለሚጨርሱት የታችኛው አንድ ክንድ ብዙ ጊዜ የተጠገነ ነው፤ የመጀመሪያውን ጭቃና ጭድ ከወገብ በላይ ፈልጉት።

ሰው ስታነጋግሩ ቀኑን ምረጡ። በበዓል ቀን አትሂዱ፤ ነዋሪውና ለዕለቱ የመጣው ይደባለቃል፤ ደግሞም ምግብ በሚታደልበት ሰዓት የሚጠይቅ ሰው አዳይ ይመስላል፤ የሚሰማውም መልስ ለአዳይ የሚሰጠው ነው። የበዓሉ ማግስት ከሰዓት በፊት ጥሩ ነው። ወደ ደሴቶቹ ከሆነ ጠዋት ተሻገሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። አረጋውያኑን «እማሆይ»፣ «አባ»፣ «እናቴ»፣ «አባቴ» እያላችሁ አነጋግሩ፤ ከእነሱ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ከ40 ደቂቃ በላይ አታድክሙ፤ ሁለት ጊዜ መመለስ ይሻላል፤ በሁለተኛው ጊዜ የሚነገረው የበለጠ ነው። «ሕይወትዎን ይንገሩኝ» የሚል ጥያቄ ሰውን ያስጨንቃል። «መጀመሪያ እዚህ ሲመጡ በሩን የከፈተልዎት ማን ነበር?» በሉ። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይቀጥላሉ፤ የት እንዳደሩ፣ ከማን ጎን፣ ማን ምን እንደሰጣቸው፣ ማን እንደከለከላቸው። ስለመከልከል የተነገረውን በሌላው ነዋሪ ፊት አትድገሙት። ገንዘብ ከጥያቄ በፊት አትስጡ፤ ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ለሁሉም እኩል የሚሆን ነገር፣ ቡና፣ ስኳር ወይም ሳሙና፣ በደብሩ በኩል አድርሱ።

መዝገብ ስታነሡ በጥላ ሥር፣ ያለ ፍላሽ፣ ገጹን ሳትጫኑ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አድርጋችሁ አንሡ። መጀመሪያ ሽፋኑን፣ ከዚያ ባዶ ገጾችንም ጭምር በተራ፤ ባዶ ገጽ የዘለለ ሰው ኋላ ገጽ የጠፋ ይመስለዋል። ጣታችሁን አርሳችሁ አትግለጡ። እዚህ ላይ ከልብ የምንለምነው አንድ ነገር አለ፤ የደበዘዘ ጽሑፍን በእስክርቢቶ አታድምቁት። በቅን ልቦና ይደረጋል፤ ነገር ግን ያደመቀው ሰው የመሰለውን ነው የሚጽፈው፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ዳግመኛ አይነበብም። ዋናውን ወረቀት ላሚኔት ማስደረግም እንደዚሁ ነው፤ አይመለስም። ፌስታል ውስጥ የታሸገ መዝገብ በሐይቅ ዳር እርጥበት ይሻግታል። በካኪ ፖስታ ወይም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሣጥን፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ አስቀምጡት፤ በጋ ሲገባ አውጥታችሁ በጥላ አናፍሱት።

የነዋሪዎቹ ዝርዝር የሥራው እንብርት ነው። አምስት ዓምድ ይበቃል፤ ስም፣ የመጣበት አገር፣ ማን አመጣው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት ተቀበረ። የሠሪውን ቤተሰብ ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ጽፈው በዚያ ቤት ያደሩትን «ነዳያን» ብለው የሚያልፉ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ ይህ በደል ነው። ስሙ ከጠፋ መጠሪያውን ጻፉ፤ «ዓይነ ስውሩ አባ»፣ «ከማዶ የመጡት እማሆይ»። በሕይወት ያለውን ሰው ስም ግን ራሱ ሳይፈቅድ አትጻፉ፤ የሞተውንም ልጆቹ ካሉ ጠይቁ። እናቱ በምጽዋት እንደኖረች እንዲታወቅ የማይፈልግ ልጅ አለ፤ መብቱ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ስሟ ሳይጻፍ «አንዲት እናት» ተብሎ ይቆይ። የድሮ ደብዳቤ በሽተኞችንና አካል ጉዳተኞችን የሚጠራበት ቃል ዛሬ ያማል። ከሰነዱ ስትገለብጡ እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ አስገቡት፤ በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ግን «የሥጋ ደዌ የያዘው»፣ «ዓይነ ስውር»፣ «አካል ጉዳተኛ» በሉ።

ረቂቁ ሲያልቅ በወረቀት አትበትኑት፤ መጀመሪያ በድምፅ አንብቡት። አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ በአንድ ተራ እሑድ ከሰንበቴ በኋላ፣ ሰው ሳይነሣ። የሚያነበው ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ይሁን፤ ሌላው በጎን ይጻፍ። በሰፊ ክፍተት፣ በቀኝ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ትታችሁ አትሙት፤ እርማቱ እዚያ ይገባል። «የለም፣ ቁልፉን የያዙት እሳቸው አልነበሩም» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል፤ አታቋርጡት፣ አትከራከሩት፤ ማን እንዳለውና ምን እንዳለ ብቻ ጻፉ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ካለ ሁለቱንም አስገቡ። ከዚያ በኋላ በሦስት ቅጂ፤ አንዱ ለደብሩ ዕቃ ቤት፣ አንዱ ለወረዳው ቤተ ክህነት፣ አንዱ በከተማው ለሚገኝ ቤተ መጻሕፍት። በደብሩ ቅጂ መጨረሻ ላይ 10 ባዶ ገጽ ይጠረዝ፤ የነዋሪዎቹ ሰንጠረዥ አምስቱ ዓምድ ተሰምሮ እንዲቀጥል።